ዳቦ ካቆሙ በኋላ የሚደረግ ምርመራ ለምን ያታልላል?

ነገሩ ብዙ ጊዜ እንዲህ ይጀምራል። ሆድ ይነፋል። ከምሳ በኋላ ሰውነት ይዝላል። ስልክ ላይ አንድ ቪዲዮ ይመጣና «ችግሩ ግሉተን ነው» ይላል። ሰውየው ዳቦና ፓስታ ያቆማል። ሁለት ወር ሲሞላው ትንሽ ቀለል ይለዋል። ያኔ «እስቲ ደግሞ በምርመራ ላረጋግጥ» ብሎ ግሉተን ለሚቀሰቅሰው፣ ሴሊያክ ለሚባለው የአንጀት በሽታ ምርመራ ደም ይሰጣል። ውጤቱ ኔጌቲቭ ሆኖ ይመጣል።

ከዚህ በኋላ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ «ለካ ምንም የለብኝም» ብሎ ወደ ዳቦው ይመለሳል። ሌላው «እነሱ ምን ያውቃሉ» ብሎ ላቦራቶሪውን እያማረረ በራሱ መንገድ ይቀጥላል። ሁለቱም ተሸውደዋል። ምርመራው የሚለካው ሰውነት በግሉተን ላይ የሚያነሳውን ቁጣ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ግሉተን ካልገባ ቁጣው እየበረደ ይሄዳል። የሚለካው ነገር ሊጠፋ ይችላል።

በመሀል አዲስ አበባ ይህ ግራ መጋባት እየተለመደ መጥቷል። ካፌ ውስጥ ከማኪያቶ ጋር ኬክ ሲቀርብ «እኔ ግሉተን ትቻለሁ» የሚል አይጠፋም። ሱፐርማርኬት መደርደሪያ ላይ «ግሉተን ፍሪ» የተጻፈባቸው የውጭ ብስኩቶች ይታያሉ፤ ዋጋቸው ግን አያስቀርብም። በሌላ በኩል «ይሄ የፈረንጅ በሽታ ነው፣ እኛን ጤፍ ይጠብቀናል» የሚል አለ። ሁለቱም ወገን የያዘው እውነት አለ፤ ሁለቱም ግን ግማሹን ነው የያዘው።

ግሉተን ምንድን ነው? «አይስማማኝም» ሲባልስ?

ግሉተን በስንዴ፣ በገብስና ሬይ በሚባለው የአውሮፓ እህል ውስጥ ያለ የፕሮቲን ስብስብ ነው። የስንዴ ሊጥ ሲጎተት እንደ ላስቲክ የሚለጠጠው በእሱ ነው። ድፎ ዳቦ ተነፍቶ የሚቆመውም ግሉተኑ አየሩን አፍኖ ስለሚይዘው ነው። ጤፍ ይህ የለውም። ለዚህ ነው የጤፍ ሊጥ ተድቦልቡሎ ድፎ የማይወጣው። ቀጥኖ ምጣድ ላይ ይፈሳል፤ አየሩም ዓይን ሠርቶ ያመልጣል።

«ግሉተን አይስማማኝም» የሚለው አንድ አባባል ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ይሸፍናል።

ዋናው ሴሊያክ ነው። ሴሊያክ አለርጂ አይደለም። የሰውነት መከላከያ በግሉተን ሲቆጣ የራሱን ትንሹን አንጀት የሚመታበት በሽታ ነው። ሐኪሞች ይህን ዓይነቱን በሽታ «ኦቶኢሚዩን» ይሉታል። ዘበኛው ዞሮ የሚጠብቀውን ቤት ሲያፈርስ እንደማለት ነው። የትንሹ አንጀት ግድግዳ በጥቃቅን ጣት መሰል ነገሮች የተሸፈነ ነው። ቪላይ ይባላሉ። ምግብ ወደ ደም የሚያልፈው በእነሱ በኩል ነው። ሴሊያክ ባለበት ሰው እነዚህ ጣቶች እያጠሩ ይሄዳሉ፤ ሲብስ ግድግዳው ሜዳ ይሆናል። ሰውየው ይበላል፣ ሰውነቱ ግን አያገኘውም።

ተቅማጥ፣ የሆድ መነፋትና ክብደት መቀነስ የታወቁት ምልክቶች ናቸው። ሆዱን ጭራሽ ሳያመው በሽታው ያለበት ሰውም አለ። በእሱ ላይ የሚታየው የደም ማነስ ብቻ ሊሆን ይችላል። የብረት እንክብል ለወራት እየዋጠ ደሙ አልነሳ ያለ ሰው ሐኪሙን ስለ ሴሊያክ ቢጠይቅ አያፍርም። የአጥንት መሳሳት፣ የልጅ ቁመት አለመጨመር፣ በክርንና በጉልበት ላይ የሚወጣ በጣም የሚያሳክክ ሽፍታም ከዚሁ ሊመጡ ይችላሉ።

ሁለተኛው የስንዴ አለርጂ ነው። ይሄኛው ፈጣን ነው። ከተበላ ከደቂቃዎች እስከ ጥቂት ሰዓታት ባለው ጊዜ ሰውነት ያብጣል፣ ያሳክካል፣ ትንፋሽ ያጥራል። ምርመራውም ከሴሊያክ የተለየ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ሴሊያክም አለርጂም ሳይኖር ስንዴ ሲበሉ ሆድ የሚረብሽበት ሁኔታ ነው። ለዚህኛው የደም ምርመራ የለም። የሚደረስበት ሌሎቹ አንድ በአንድ ከተወገዱ በኋላ ነው።

የሴሊያክና የዳቦ ግንኙነት የታወቀው ብዙም ሳይርቅ ነው። የሆላንዱ የሕፃናት ሐኪም ዊለም ዲክ አንዳንድ ሕፃናት ስንዴ መብላት ሲያቆሙ እንደሚሻላቸው ያስተውል ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ፣ እ.ኤ.አ. በ1944 እና 1945 ክረምት፣ አገሩ ዳቦ አጣ። ረሃቡ ሌላውን ሲያከሳ እነዚህ ሕፃናት ግን አልባሰባቸውም። ዲክ ጥናቱን እ.ኤ.አ. በ1950 የመመረቂያ ጽሑፉ አደረገው።

«እኛ ጤፍ በላተኞች ነን»

ጤፍ ከግሉተን ነፃ መሆኑ አያከራክርም። እ.ኤ.አ. በ2005 የሆላንድ ተመራማሪዎች ጤፍ በሴሊያክ ሕመምተኞች የመከላከያ ሕዋሳት ላይ ቁጣ እንደማይቀሰቅስ በላቦራቶሪ አሳይተዋል። ዓለም ጤፍን የፈለገውም በዋናነት ለዚሁ ነው። አንድ የሆላንድ ኩባንያ የጤፍ ዱቄትን በፓተንት ይዞት ስንት ዓመት ካነጋገረ በኋላ፣ እዚያው አገር ያለ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ፓተንቱን ውድቅ አድርጎታል።

ጥያቄው ያለው ትሪው ላይ ነው። የመሀል ከተማ ሰው በቀን ውስጥ የሚበላውን እንቁጠር። ጠዋት ፓስቲ ወይም ቦምቦሊኖ፤ ቤት ከሆነ ቂንጬ ወይም የስንዴ ጨጨብሳ። ምሳ ላይ ፓስታ በስጎ። መክሰስ ላይ ሳንቡሳ። በሶ፣ ጭኮ፣ የገብስ ቆሎና የገብስ ገንፎ ሁሉም ግሉተን አለባቸው። ጠላም ቢራም ገብስ አለባቸው። ጤፍ ሲወደድ ደግሞ ሆዱን በዳቦ የሚሞላው ሰው ይበዛል። በ2012 ዓ.ም. የተከፈተው የሸገር ዳቦ ፋብሪካ ዳቦ የከተማው የዕለት ምግብ ምን ያህል እንደሆነ ይመሰክራል።

እንጀራውም ቢሆን ሁልጊዜ ንጹሕ ጤፍ አይደለም። ሩዝ፣ በቆሎ ወይም ማሽላ ከተቀላቀለበት በግሉተን በኩል ችግር የለውም። ገብስ ወይም ፉርኖ ዱቄት ከገባበት ግን አለቀ። ከሱቅ ወይም ከምግብ ቤት የሚመጣን እንጀራ በዓይን አይቶ መለየት አይቻልም። «እንጀራ በልቼም ያመኛል፣ ስለዚህ ግሉተን አይደለም» የሚለው ክርክር በዚህ ምክንያት አያስኬድም። «እንጀራ ብቻ ስለምበላ ነፃ ነኝ» የሚለውም እንዲሁ።

«የፈረንጅ በሽታ» የሚለውን የሚያፈርስ አንድ የታወቀ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ነው። ከምዕራብ ሰሐራ በሆነው በሳሕራዊ ሕዝብ ልጆች ላይ ተሠርቶ ከ100 ልጆች ከ5 በላይ በሚሆኑት ላይ ሴሊያክ ተገኘ። በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚገመተው ከ100 ሰው 1 ገደማ ነው። በሽታው የሚመጣው ሁለት ነገር ሲገጥም ነው፤ የሚያጋልጥ ዘረመልና ግሉተን ያለበት ምግብ። የቆዳ ቀለም ቦታ የለውም። ዳቦና ፓስታ በበዛበት ከተማ በሽታው የለም ብሎ ከመደምደም በፊት መፈለግ ይቀድማል።

ምርመራው በምን ቅደም ተከተል ይሄዳል?

መጀመሪያ ዳቦውን መብላት። አስቂኝ ይመስላል፤ ግን ዋናው ነገር ይሄ ነው። የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ ከምርመራው በፊት ቢያንስ ለ6 ሳምንት በየቀኑ ከአንድ በላይ በሆነ ማዕድ ግሉተን እንዲበላ ይመክራል። አንድ ቁራሽ የስንዴ ዳቦ 2 ግራም ያህል ግሉተን አለው። ቀድሞ ያቆመ ሰው ከሐኪም ጋር ተመካክሮ እንደገና መጀመር አለበት። እንደ መጠኑና እንደ ሰውየው አቅም ከ2 እስከ 8 ሳምንት ይፈጃል። ደስ የሚል ጊዜ አይደለም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይተወዋል፤ በዚህም አይፈረድበትም። ከመጀመሪያው ሳያቆሙ መመርመር ይህን ሁሉ ጣጣ ያስቀራል።

ቀጥሎ የደም ምርመራ ነው። ስሙ ቲቲጂ-አይጂኤ ይባላል። ሰውነት በራሱ አንጀት ላይ የሚያመርተውን አንቲቦዲ ይለካል። አንቲቦዲ ማለት መከላከያው ጠላት ብሎ በፈረጀው ነገር ላይ የሚለጥፈው ምልክት ነው። ከእሱ ጋር ጠቅላላ አይጂኤ አብሮ መለካት አለበት። አይጂኤ የሚባለውን አንቲቦዲ ከነጭራሹ የማያመርቱ ሰዎች አሉ። እነዚህ ሰዎች ሴሊያክ ቢኖርባቸውም የመጀመሪያው ምርመራ ንጹሕ ናችሁ ይላቸዋል። ሴሊያክ ካለባቸው 100 ሰዎች 2 ወይም 3 ያህሉ እንዲህ ናቸው። ለእነሱ አይጂጂ በሚባል ሌላ ዓይነት አንቲቦዲ ላይ የተመሠረተ ምርመራ አለ።

ይህ ምርመራ እንደ ሰገራ ምርመራ በየክሊኒኩ አይገኝም። አንዳንድ የግል ላቦራቶሪዎች ናሙናውን ወስደው ውጭ አገር ልከው ያሠሩታል። ስለዚህ ታክሲ ከመሳፈር በፊት ደውሎ መጠየቅ ያዋጣል። ቲቲጂ-አይጂኤ ትሠራላችሁ? ጠቅላላ አይጂኤስ አብሮ አለ? ውጤቱ በስንት ቀን ይደርሳል? ዋጋው የሁለቱ ነው ወይስ የአንዱ?

አንድ ነገር እንለይ። በአንድ ጠብታ ደም መቶ ምናምን ምግብ እንመረምራለን የሚሉ ማስታወቂያዎች አሉ። እነዚህ ለየምግቡ ያለውን አይጂጂ ይለካሉ። ያ ቁጥር በአብዛኛው የሚናገረው ሰውየው ያን ምግብ በልቶ እንደሚያውቅ ነው። የአለርጂ ሐኪሞች ማኅበራት ለምርመራ እንዳይውል ይመክራሉ። ዝርዝሩን ይዞ ቤት የገባ ሰው እንቁላልም ወተትም ቲማቲምም ትቶ ይከሳል እንጂ መልስ አያገኝም።

የዘረመል ምርመራም አለ። ኤችኤልኤ-ዲኪው2 እና ዲኪው8 የሚባሉትን ይፈልጋል። ሁለቱም ከሌሉ ሴሊያክ የለም ማለት ይቻላል። ቢገኙ ግን በሽታው አለ ማለት አይደለም። ዘረመሉን ይዘው ዕድሜ ልካቸውን ዳቦ እየበሉ ምንም የማይሆኑ ሰዎች እጅግ ይበዛሉ። የዚህ ምርመራ ጥቅሙ ምግብ አለመፈለጉ ነው። ዳቦ አቁሞ ከአሁን በኋላ አልጀምርም ላለ ሰው ይህኛው ይጠቅመዋል።

«ኢንዶስኮፒ ተነስቻለሁ እኮ»

የደም ምርመራው ፖዘቲቭ ከሆነ አዋቂ ሰው ብዙ ጊዜ ወደ ኢንዶስኮፒ ይሄዳል። ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፍ ገብቶ እስከ ትንሹ አንጀት መጀመሪያ ይደርሳል። ከዚያ ቁራጭ ናሙና ይወሰዳል፤ ባዮፕሲ ይባላል። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ጣቶቹ መቆማቸው ወይም መሸረፋቸው ይለያል። የቲቲጂ ቁጥራቸው ከመደበኛው ከ10 እጥፍ በላይ የሆነ ልጆች ተጨማሪ የደም ማረጋገጫ ተሠርቶ ያለ ባዮፕሲ ሊወሰንላቸው ይችላል።

ከተማው ውስጥ ለጨጓራ ኢንዶስኮፒ የተነሳ ሰው ብዙ ነው። በዚያ ምርመራ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈለገው ቁስለትና ኤች ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያ ነው። ናሙና ቢወሰድ እንኳ ከጨጓራ ሊሆን ይችላል። ሴሊያክን ለማየት ግን ናሙናው ከትንሹ አንጀት መሆን አለበት። አንድ ቁራጭም አይበቃም። ጉዳቱ እዚህም እዚያም ጣል ጣል ያለ ስለሆነ ከአንጀቱ ራስ አንድ ወይም ሁለት፣ ከዚያ ዝቅ ብሎ ቢያንስ አራት ይወሰዳል። ስለዚህ «ኢንዶስኮፒ ተነስቼ ነፃ ነህ ተብያለሁ» ከማለት በፊት የድሮውን ወረቀት አውጥቶ ናሙናው ከየት እንደተወሰደ ማንበብ ነው። የጨጓራና አንጀት ስፔሻሊስት በጥቁር አንበሳም በግል ሆስፒታሎችም አለ። ከምርመራው በፊት «ሴሊያክንም ይዩልኝ» ማለት ነውር የለውም።

ለእኛ አገር ሐኪም አንድ ተጨማሪ ራስ ምታት አለ። የአንጀት ጣቶች መሸረፍ የሴሊያክ ብቻ ምልክት አይደለም። ጃርዲያ ያደርገዋል። የአንጀት ቲቢ ያደርገዋል። አንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒትም ያደርገዋል። ባዮፕሲው ከደም ውጤቱ ጋር ካልተገናኘ ውሳኔው ሊሳሳት ይችላል።

ግሉተን ካልሆነስ ምንድን ነው?

በትክክለኛው ቅደም ተከተል ተመርምሮ ሴሊያክ ያልተገኘበት ሰው ሕመሙ የውሸት ነው ማለት አይደለም። ሆዱ እየነፋ ነው፤ ምክንያት ይኖረዋል።

ከካፌው ጠረጴዛ እንጀምር። ኬክ የተወ ሰው ብዙ ጊዜ ማኪያቶውንም አብሮ ይቀንሳል። ከዓለም አዋቂዎች ሁለት ሦስተኛው ያህል የወተትን ስኳር፣ ላክቶስን፣ እንደ ልጅነታቸው መፍጨት አይችሉም። ስለዚህ የተሻለው በየትኛው ምክንያት ነው? የኦርቶዶክስ ጾም እዚህ ላይ ሳያስቡት የቤት ምርመራ ይሆናል። በሁዳዴ 55 ቀን ወተት የለም፤ ዳቦ፣ ፓስታና ሳንቡሳ ግን እንዲያውም ይጨምራሉ። በጾሙ ሆዱ የሚሻለው፣ በፋሲካ ማግስት የሚረበሽ ሰው መጀመሪያ ስንዴን ሳይሆን ወተትን ይጠርጥር። በእርግጥ በፋሲካ የሚበላው ቅቤና ሥጋም የራሱ ድርሻ አለው፤ ፍንጭ ነው እንጂ ፍርድ አይደለም።

ሌላው ተጠርጣሪ ሽንኩርት ነው። ስንዴ ውስጥ ከግሉተን ሌላ ፍሩክታን የሚባል የስኳር ሰንሰለት አለ። አንጀት አይፈጨውም። ባክቴሪያ ያብላላውና ጋዝ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የኖርዌይ ጥናት ሴሊያክ የሌለባቸውን ግን ግሉተን አይስማማንም ያሉ 59 ሰዎች ወስዶ፣ ምን እንደበሉ ሳያውቁ አንዴ ግሉተን፣ አንዴ ፍሩክታን፣ አንዴ ሁለቱም የሌሉበትን ሰጣቸው። በአማካይ የባሰባቸው በፍሩክታኑ ነው። ግሉተኑ ምንም ከሌለበት ብዙም አልተለየም። ይህ ሁሉንም ሰው አይወክልም፤ ግሉተን ራሱ የሚረብሻቸው ጥቂት ሰዎች አሉ ብለው የሚከራከሩ ተመራማሪዎች አሁንም አሉ። ከሁለቱ አንዱንም ሳይበላ በፍርሃት ብቻ የሚታመምም አለ።

ለአዲስ አበባ ሰው ግን ጥናቱ ትልቅ ትርጉም አለው። ፍሩክታን በሽንኩርትና በነጭ ሽንኩርት በሽ ነው። የወጣችን ቁሌት ደግሞ ሽንኩርት ነው። ዳቦ ትቶ ቀይ ወጥ በእንጀራ የሚበላ ሰው አንዱን በር ዘግቶ ሌላውን ወለል አድርጎ ከፍቷል። ሽሮና ባቄላም በተመሳሳይ መንገድ ጋዝ የሚሠራ ስኳር አላቸው። «ግሉተን ትቼም አልተሻለኝም» የሚለው ቅሬታ መልስ እዚህ ሊሆን ይችላል።

ጃርዲያን መዝለል አይቻልም። ሆድ ያስነፋል፣ ሰገራ ያቀጥናል፣ ለጊዜው ወተትም እንዳይስማማ ያደርጋል። ምልክቱ ከሴሊያክ ጋር በጣም ይመሳሰላል። በአንድ ቀን ናሙና ላይታይ ስለሚችል በተለያየ ቀን ደግሞ መመርመር ያስፈልጋል። ሰገራ ላይ ደም፣ ሳይፈልጉ መክሳት፣ ትኩሳት፣ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ተቅማጥ ካለ ግን የምግብ ሙከራው ይቁምና በቀጥታ ወደ ሐኪም።

ሴሊያክ ከሆነ

መድኃኒቱ ግሉተንን ዕድሜ ልክ መተው ነው። መቀነስ አይበቃም። ለአብዛኛው ሕመምተኛ ጉዳት የለውም የሚባለው በቀን ከ10 ሚሊግራም በታች ነው። ያ አንድ ቁራሽ ዳቦ ለ200 ቢካፈል አንዱ ነው፤ ፍርፋሪ። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ኮዴክስ «ከግሉተን ነፃ» ለሚባል ምግብ የሚፈቅደው በኪሎ እስከ 20 ሚሊግራም ነው።

ውድ ብስኩት ማሳደድ አያስፈልግም። ጤፍ፣ በቆሎ፣ ማሽላ፣ ሩዝ፣ ድንች፣ ቆጮና ቡላ አሉ። ጠጁም ከማርና ከጌሾ ብቻ ከሆነ አይከለከልም። የሚያስቸግረው ወፍጮ ቤቱ ነው። ስንዴ በተፈጨበት ድንጋይ ላይ ጤፍ ሲከተል የመጀመሪያው ዱቄት ከስንዴው ጋር ይወጣል። የሚቻል ከሆነ ከሌላ ሰው ጤፍ በኋላ ማስፈጨት፣ ካልሆነም መጀመሪያ የወጣውን ለሌላው ቤተሰብ መለየት ይሻላል። የሽሮ ዱቄትም በዚያው ወፍጮ ያልፋል። እርሾውና ወንፊቱ ለብቻ ይሁን። አጃ ራሱ አብዛኛውን ሕመምተኛ ባይጎዳም ገበያ ላይ ያለው ከስንዴና ከገብስ ጋር የተነካካ ስለሆነ አጥሚቱም ጥንቃቄ ይፈልጋል። የቅዱስ ቁርባን ኅብስት ከስንዴ ነው፤ ይህን ከንስሐ አባት ጋር በግልጽ መነጋገር ያስፈልጋል።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን የሰው ቤት ነው። «አንድ ጉርሻ ምን ይላል?» የምትል አክስት ሁሉም ቤተሰብ ውስጥ አለች። ፍቅር ነው፤ እጇን መመለስም ያሳፍራል። የተረጋገጠ ወረቀት የሚጠቅመው እዚህ ላይ ጭምር ነው። «ሐኪም ከልክሎኛል» የሚለው ቃል «ግሉተን ትቻለሁ» ከሚለው ይልቅ ይከበራል።

አንድ ሰው ሴሊያክ ከተገኘበት ወላጆቹ፣ ወንድምና እህቶቹ፣ ልጆቹም ምልክት ባይኖራቸው እንኳ መመርመር አለባቸው። በእነሱ ላይ የመገኘት ዕድሉ ከ10 ሰው ወደ 1 ይጠጋል። ብዙ ቤት ውስጥ ግን ዜናው እንደተሰማ ቤተሰቡ በሙሉ ለሕመምተኛው ሲል ዳቦ ያቆማል። ደም እስኪሰጡ ድረስ አያቁሙ።